የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ርካሹ የቻይና ብዕር

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው የተመካከሩ ይመስል፣ ቀለም እየተሞላ ስለሚጻፍበት ከቻይና ስለሚመጣው ርካሽ ብዕር የሚጠይቁ ስለሆኑ ዓምዱን ለእነርሱ ለቅቀናል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። እህቴ ከውጭ ስትመጣ ወፍራም፣ ከበድ ያለና ሲያዩት ውድ የሚመስል የቻይና ብዕር አመጣችልኝ። የመጀመሪያውን መስመር ደኅና ይጽፍና ከሁለተኛው ጀምሮ ፊደሉ ይቆራረጥብኛል፤ «ጠ»ን ስጽፍ አንዱ እግሩ ይቀራል። ጫን ስለው ቀለሙ ይመጣል፣ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል። ብዕሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ተበላሽቷል ከማለት ሥራው አላለቀም ማለት ይሻላል። ውድ ብዕር ለገበያ ከመቅረቡ በፊት አንድ ባለሙያ በአጉሊ መነጽር አይቶት፣ ጫፉን አስተካክሎትና ጽፎበት ያልፋል፤ በርካሹ ብዕር ግን ይህ የመጨረሻ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ለገዢው ስለሚተው፣ ከአንድ ካርቶን ከወጡ ሁለት ተመሳሳይ ብዕሮች አንዱ ያለ ድምፅ ሲጽፍ ሌላው ወረቀት ሲቧጭር ቢያገኙት አይደነቁ።

ከሁሉ አስቀድመው መጫኑን ይተዉ። እስክርቢቶ የሚጽፈው ጫፉ ላይ ያለችው ኳስ ስትንከባለል ስለሆነ ጫና ይፈልጋል፤ የቀለም ብዕር ግን ቀለሙ በኒቡ ማለትም በብረት ምላሱ ስንጥቅ በኩል በራሱ ወርዶ ወረቀት ስለሚነካ ክብደቱ ብቻ ይበቃዋል። ሲጫኑት ስንጥቁ ስለሚከፈት ቀለም ለጊዜው ይመጣል፤ ልማድ ሲሆን ግን ሁለቱ የኒቡ ጥርሶች እንደተለያዩ ይቀራሉ።

ቀጥለው ብዕሩን ይጠቡት። ብዙዎቹ አዲስ ብዕሮች ከፋብሪካ የቀረ ዘይት ስለሚኖርባቸው ቀለሙ በመተላለፊያው ላይ አይያዝም። ለብ ባለ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምረው፣ ቀለም በሚስበው ትንሽ ቱቦ አማካይነት ውሃውን ደጋግመው ይሳቡና ይግፉ፤ ከዚያም ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ፍል ውሃ ፕላስቲኩን ስለሚያጣምመው አይጠቀሙ። ለእኔ ከሚደርሱኝ አቤቱታዎች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ያበቃሉ።

ካልሆነ ጫፉን በአጉሊ መነጽር፣ እሱ ከሌለ በስልክዎ ካሜራ አቅርበው ይመልከቱት። ሁለቱ ጥርሶች እኩል መሆን አለባቸው፤ አንዱ ዝቅ ካለ ከሥሩ በጥፍርዎ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይግፉትና ደጋግመው ይዩት። ጥርሶቹ ተጣብቀው ብርሃን የማያሳልፉ ከሆነ በጣም ስስ የናስ ቅጠል በመካከላቸው ማመላለስ ይረዳል። በምላጭ ግን አይሞክሩት፤ እኔ ሞክሬ አንድ ደኅና ኒብ ከጥቅም ውጪ አድርጌያለሁ። ጥርሶቹ እኩል ሆነው፣ ስንጥቁም ክፍት ሆኖ፣ የቃሉ መጀመሪያ ብቻ የሚቀር ከሆነ ምክንያቱ ምናልባት ሌላ ነው፤ የጫፉ ውስጠኛ ጠርዝ ከልክ በላይ ስለተሞረደ ቀለሙ ወረቀቱ ጋ ሳይደርስ ገባ ብሎ ይቆማል። ይህን ከመሞረድ ኒቡን መለወጥ ይቀላል። ጂንሃው የተባለው የቻይና አምራች የሚሠራቸው እንደ ኤክስ 450 እና ኤክስ 750 ያሉት ወፍራም ብዕሮች 6 ቁጥር የሚባለውን የተለመደ ኒብ ስለሚቀበሉ፣ የድሮውን ከነማስተላለፊያው ስቦ አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል።

ጥያቄ፦ የትራንዚት ሠራተኛ ነኝ። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ብዕሬ የሸሚዜን ኪስ ሰማያዊ ያደርገዋል። ወደ ጅቡቲ ስወርድ ግን አንድም ቀን አፍስሶ አያውቅም። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልስ፦ ራስዎ መልሱን አጠገቡ አድርሰውታል። ጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ቀለሙ እየጎደለ ሲሄድ ቦታውን የያዘው አየር እርስዎ ዳገቱን ሲወጡ ይሰፋና ከፊቱ ያለውን ቀለም በኒቡ በኩል ያስወጣዋል። ሲወርዱ ነገሩ ስለሚገላበጥ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ቀለም አይወጣም። ስለዚህ ከመነሳትዎ በፊት ብዕሩን ጢም አድርገው ይሙሉት፣ አለዚያም ባዶ ያድርጉት፤ ከሁሉ የሚከፋው ግማሽ ድረስ የተሞላው ነው። መንገድ ላይ ኒቡ ወደ ላይ ቆሞ ከተቀመጠ የሚወጣው አየሩ እንጂ ቀለሙ አይሆንም። በአውሮፕላንም ምክሩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ብዕሬን ዘግቼ ባስቀምጠውም በሁለት ቀን ይደርቃል፤ በበጋ ይብስበታል።

መልስ፦ ክዳኑን ይመርምሩት። በክፍት በኩል አፍዎን ገጥመው እፍ ይበሉበት፤ ትንፋሹ በቀላሉ በሌላ በኩል ካመለጠ የቀለሙም ውሃ እንዲሁ ያመልጣል፣ በደረቅ ወራት ደግሞ ይፋጠናል። ክዳኑ ጫፍ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ አንድ ጠብታ ሰም ማቅለጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አባቴ ሲያርፉ ከመሳቢያቸው ውስጥ ሂሮ 616 የሚል ብዕር አገኘሁ። ኒቡ ተሸፍኖ ጫፉ ብቻ ብቅ ይላል፤ ከውስጡ ያለው ቱቦ አይዞርም። ቀለም የሚሞላው እንዴት ነው?

መልስ፦ ነፍሳቸውን ይማር። ሂሮ የሻንጋይ ፋብሪካ ነው፤ በ1931 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሁዋፉ በሚል ስም ተቋቁሞ በ1966 አሁን የሚጠራበትን፣ በቻይንኛ «ዪንግሥዮንግ» የሚባለውንና «ጀግና» ማለት የሆነውን ስም ያዘ። የ616 መልክ አሜሪካ ውስጥ በ1941 የወጣውን ፓርከር 51 የተባለ ብዕር የተከተለ ነው፤ ኒቡ የተሸፈነውም ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ ነው።

የኋላውን ቀፎ ሲፈቱ በብረት የታቀፈ ስስ ቱቦ ያያሉ። ኒቡን ቀለም ውስጥ ነክረው ብረቱን በጣትዎ ይጫኑት፣ ይልቀቁት፣ ቱቦው ቀለም እስኪስብ ጥቂት ይታገሡ፤ አምስት ጊዜ ያህል ይደጋግሙት። ቱቦውን ግን ለማጠብ ብለው ስበው አያውጡት። ብዕሩ ውስጥ የደረቀ ቀለም ስለሚኖር አስቀድመው ፊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፤ በማግሥቱ ውሃው ቀለም ከለበሰ ለውጠው ይድገሙት። የአባትዎ ብዕር መልሶ ሲጽፍ ማየት የሚሰጠውን ስሜት እርስዎ ይንገሩኝ። ሌላ እገዛለሁ ካሉ ግን ይህ ዓይነት ብዙ አስመሳይ ስላለው ስሙ ስለተጻፈበት ብቻ አይመኑት።

ጥያቄ፦ ዲያቆን ነኝ። ብራና የምንጽፍበትን ጥቁር ቀለም በቻይና ብዕር ሞልቼ ብጽፍ ምን ይሆናል? አንድ ባልንጀራዬ ደግሞ የማኅተም ቀለም በውሃ አቅጥነህ ተጠቀም ይለኛል።

መልስ፦ ሁለቱንም አይሙሉ። የብራናው ቀለም ጥላሸት ስላለበት፣ የሚያያይዘውም ሙጫ ስለሆነ፣ በመቃ ብዕር ላይ መልካም ሆኖ በዚህ ብዕር ግን ፀጉር ያህል በቀጠነ መተላለፊያ ውስጥ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላም ውሃ በቀላሉ አያወጣውም። መቃው ቢዘጋ በቢላዋ ይቀረጻል፤ ይኼኛው አይቀረጽም። የማኅተም ቀለም ደግሞ ቶሎ እንዳይደርቅ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ከወረቀቱ ላይ ወደ እጅዎ ይሄዳል። ለዚህ ብዕር ተብሎ የሚሸጠውን፣ ውሃ ብቻ የሚያጥበውን ቀለም ይጠቀሙ። ደብዳቤዎ እስኪደርሰን ሞክረውት ከሆነ ሳይደርቅ ዛሬውኑ ያፍስሱትና ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ይጠቡት።