በውድድር ሜዳ ላይ አልገባ የሚል ማርሽ

ጥያቄ፦ በውድድር ሜዳ ላይ ፍሬን ይዤ ከ3ኛ ወደ 2ኛ ማርሽ ስቀንስ ማርሹ አልገባም ይላል፤ በከተማ መንገድ ግን አያስቸግርም። ካምቢዮው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ለማስፈታት አይቸኩሉ። የ3ኛው ማርሽ ምጣኔ 1.4፣ የ2ኛው 2.0 ቢሆን፣ በደቂቃ 4,200 ዙር የነበረው የካምቢዮው ገቢ ዘንግ በዚያው የመኪና ፍጥነት 6,000 መድረስ ስላለበት፣ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ትንሹ ሲንክሮናይዘር (ማርሹ ከመግባቱ በፊት ፍጥነቱን የሚያመሳስለው ቀለበት) ነው። ስለዚህ ቀድመው ፍሬን ይያዙ፣ ዘግይተው ይቀንሱ፤ ዜሮ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን ለቀው ነዳጅ መታ ካደረጉ በኋላ እንደገና ረግጠው ያስገቡ። ፍሪሲዮን እንደተረገጠ የሚሰጥ ነዳጅ፣ ብዙዎች ቢመኩበትም፣ ዘንጉን አያሽከረክረውም።

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ማርሹ በቀላሉ ገብቶ ሲነሳ ካስቸገረ ግን ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይለቅም ማለት ስለሆነ፣ የፍሪሲዮኑን ዘይት አስቀይረው በመስመሩ ውስጥ ያለውን አየር ያስወጡ።