ዲፈረንሻሉን ከመቀየርህ በፊት፦ ለቢቸናው ወንድማችን

ወንድሜ፣ ያልከው ይሄ ነው፦ 75 ላንድክሩዘርህ ከፊት ጎማ በስተ ውስጥ ቀጭን ጥቁር ዘይት ያንጠባጥባል፣ ፎር ዊል አስገብተህ መሪ ስትጠመዝዝ «ቀጭ ቀጭ» ይላል፣ የኋላ ማርሽ ስታስገባ ደግሞ ከሥር «ዷ» ይላል። መካኒኩም ዲፈረንሻል ቀይር ብሎሃል። ከዘረዘርካቸው ምልክቶች አንዱም በቀጥታ ዲፈረንሻልን አይከስም።

«ዷ» ከሚለው ልጀምር፣ ቀላል ነው። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፍ፣ ማርሹን ነፃ አድርገህ ሥር ግባና ትራስሚሲዮኑን (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚወስደውን ረጅም ዘንግ) ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቀው። የዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ፣ ክሮቸራው፣ ላይ ምንም መላወስ መኖር የለበትም። ከክሮቸራው ኩባያ ዙሪያ ቀይ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካየህ ግሪሱ አልቆ ሮለሮቹ ተበልተዋል። የፒኞኑ (የዲፈረንሻሉ ትንሹ ጥርስ) ፍላንጅ፣ ማለትም ዘንጉ የሚታሰርበት ክብ ብረት፣ ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው ሄዷል፤ ሲዞር ያለው ጥቂት ልቅነት ግን የጤና ነው። አዲስ ክሮቸራ ስትገዛ «የላንድክሩዘር» ማለት አይበቃም፤ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ የኩባያውን ዲያሜትርና ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት በካሊፐር አስለካ። ትራስሚሲዮኑን ከመፍታትህ በፊት ምልክት አድርግበት፤ ሁለቱ ጫፎች በነበሩበት አቅጣጫ ካልተገጠሙ መኪናው ይንቀጠቀጣል።

ዋናው ሥራ ፊት ነው። መጀመሪያ ጭቃ ወይም ጠጠር ላይ (አስፋልት ላይ አይሆንም) ፎር ዊል አስገብተህ መሪውን እስከ መጨረሻ ጠምዝዘህ ንዳ። ከዚያ ፎር ዊሉን አውጣ፣ ጎማው መሃል ያለውን ቁልፍ በሁለቱም በኩል «ፍሪ» አድርገህ ድገመው። ድምፁ ከጠፋ ጥፋቱ ሲቪው ነው፣ ማለትም መሪ ሲጠመዘዝም የፊት ጎማውን የሚያዞረው መገጣጠሚያ። ካልጠፋ የጎማውን ወይም የመሪ መገጣጠሚያውን ኩሽኔታ ፈትሽ።

ያ ቀጭን ዘይት ደግሞ ምክንያቱን ይነግርሃል። ሲቪውን የሸፈነው ኳስ መሰል ብረት ውስጥ መገኘት ያለበት ወፍራም ግሪስ ነው። የውስጡ ኦይል ሲል (የዘይት ማገጃው ላስቲክ) ሲያልቅ የዲፈረንሻል ዘይት ገብቶ ግሪሱን ያቀጥነዋል፣ ሲቪውም ደርቆ ይበላል። የእናንተ አገር መረሬ (ጥቁሩ ጭቃ) ኳሱ ላይ ሲደርቅ የውጭውን መጥረጊያ ሲል ይቀድደዋል፣ ስለዚህ ሁለቱንም ቀይር።

ሲፈታ የጎማው ሞዞ (እምብርቱ) ዳዶ 54 ሚሊሜትር ቁልፍ ይፈልጋል። ሾጣጣዎቹን ዋሸሮች በመዳብ ዘንግ መታ መታ አድርገህ አውጣ፤ ብረት በብረት ከመታህ ጥርሱን ታበላሻለህ። ከመሪ መገጣጠሚያው ላይና ታች ያሉትን ሺሞች (ስስ ማስተካከያ ብረቶች) አታደባልቅ። ሰሚያሴው (ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ) ሲወጣ ሲሉ የሚቀመጥበትን ቦታ በጥፍርህ ዳብሰው፤ ጥፍርህ ጎድጓድ ላይ ከተያዘ አዲሱም ሲል ያፈሳል። ሲቪው ውስጥ ያሉት ትናንሽ ኳሶች የሚሄዱበት መንገድ ከተፈረፈረ ወይም ቀፎው ከተሰነጠቀ ይጣላል። መበላቱ ቀላል ከሆነ የግራውን ሲቪ ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ አዛውር፤ ጭነቱ ያልተበላው ጎን ላይ ስለሚያርፍ ይከርማል። ስትገጥም ሞሊብዲነም ያለው ግሪስ ኳሱን ሦስት አራተኛ ያህል ሙላ።

ሲሉ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅብህ ከሆነ ግን የአክሱሉን መተንፈሻ እይ። የዓባይን ዳገት ወጥቶ የጋለ አክሱል ከጮቄ የሚወርድ ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ሲገባ አየሩ ይኮማተራል፣ መተንፈሻው በጭቃ ከተደፈነ ውሃውን በሲሉ በኩል ይስባል። ላስቲክ ቱቦ ገጥመህ ወደ ሞተሩ ክፍል ከፍ አድርገው።

ዲፈረንሻሉን የሚፈርድበት ዘይቱ ነው። አፍስሰው፦ ማግኔቱ ላይ ግራጫ ልቁጥ የተለመደ ነው፣ ወተት የመሰለ ዘይት ውሃ ገብቷል ማለት ነው፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ፍንካች ካለ ያኔ መካኒኩ እውነቱን ነው። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዲፈረንሻል የምትገዛ ከሆነ ጥርሱን ሳትቆጥር አትክፈል። ትልቁ 37 ትንሹ 9 ከሆነ ሬሾው (37 ለ9 ሲካፈል) 4.11 ነው። የራስህን ለማወቅ ማርሹም ትራንስፈሩም (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ሳጥን) ነፃ ይሁኑ፣ ሌሎቹን ጎማዎች ደግፈህ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንሳ፣ 2 ጊዜ ሙሉ አዙረው፣ ትራስሚሲዮኑ ስንት እንደዞረ ቁጠር፤ ከ4 ጥቂት ካለፈ ያው 4.11 ነው። የፊትና የኋላው ሬሾ ከተለያየ ፎር ዊል ባስገባህ ቁጥር እርስ በርስ እየተጓተቱ ትራንስፈሩን ይሰብሩታል።