«ይቆያል ወይ?» ስለ ቦርዶ ቀይ ወይን ቅምሻ ጥያቄና መልስ

ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ከተማ አቅራቢያ ባለ የወይን መጋዘን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከሥራዬ ትልቁ ክፍል ገና በርሜል ውስጥ ያለ ቀይ ወይን እየቀመስኩ የትኛው ቶሎ መሸጥ፣ የትኛው ለዓመታት መቀመጥ እንዳለበት መለየት ነበር። የመጣላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ስለነበር ጥያቄዎቻችሁ ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች አንዴ ተጎንጭተው «ይህ ሃያ ዓመት ይቆያል» ይላሉ። ምን አይተው ነው? እኔ አዲስ የቦርዶ ወይን ስቀምስ አፌን ከመያዙ በቀር ምንም አይገባኝም።

መልስ፦ ከዚያው አፍ ከሚይዘው ነገር እንጀምር። ያልበሰለ ሙዝ ወይም ዘይቱን ስትገምጥ ድድህን ጭምድድ የሚያደርገው ታኒን ይባላል። ወይን ውስጥ የሚገባው ከፍሬው ልጣጭና ዘር፣ ጥቂቱም ከኦክ በርሜሉ ነው። ከምሬትም ከኮምጣጣነትም ይለያል፤ ጨርቅ በጣት ሲዳሰስ ሸካራ ወይም ልስልስ እንደሚባለው፣ ታኒንም በምላስ የሚዳሰስ ነገር ነው።

አብዛኛው ሰው አፍ የያዘ ወይን ሁሉ ይቆያል ይላል፤ በዚህ እምነት ብዙ ገንዘብ ባክኗል። እኔ የታኒኑን ብዛት ከማየቴ በፊት ደቃቅነቱን አያለሁ። ጥሩ ታኒን ብዙ ቢሆንም በወንፊት እንደተነፋ ዱቄት ነው፤ ምላስ፣ ድድና ላንቃ ላይ እኩል ይዳረሳል። መጥፎው እንደ ገለባ ይቆረቁራል፤ አንድ ጥግ ይዞ ይቀራል፤ ከኋላው የጥሬ ቅጠል ምሬት ይከተላል። ይህ ፍሬው ሳይበስል መለቀሙን ይናገራል። ጠርሙስ ውስጥ ደግሞ የሚበስል ጥሬ ፍሬ የለም።

ቀጥዬ ከታኒኑ ሥር የፍሬ ጣዕም መኖሩን እፈልጋለሁ። አፍ ሲገባ ደስ ብሎ መሃል ላይ ባዶ የሚሆን ወይን ብዙ አለ፤ በርሜሉ የሰጠው የቫኒላና የተቆላ ቡና ሽታ ጉድለቱን ይሸፍንለታል። ሽታው ከዓመታት በኋላ ሲለዝብ ግን የሚተርፍ ነገር አይኖርም። ከዚያ ምራቄን አያለሁ። ወይኑን ከተፋሁ በኋላ፣ ሎሚ ሲቆረጥ እንዳየ ሰው፣ ከምላሴ ሥር ምራቅ ከመጣ አሲዱ በቂ ነው፤ ወይኑን ለዓመታት ትኩስ አድርጎ የሚያቆየው አንዱ እሱ ነው። በመጨረሻ እቆጥራለሁ። ፍሬው አሥር ሰከንድ ሳይሞላ ጠፍቶ ታኒኑ ብቻውን ከቀረ አላስቀምጠውም። ሠላሳን አልፎም ፍሬውና ታኒኑ አብረው የሚሄዱ ከሆነ ግን ያን ጠርሙስ ለሃያ ዓመት አምነዋለሁ።

ከተጠራጠርክ ግማሹን ጠጥተህ ቡሹን መልሰህ ግጠምና በማግስቱ ቅመሰው። አንድ ቀን አየር ያገኘ ወይን ለዓመታት ከተቀመጠው ጋር አንድ አይደለም፤ ሆኖም ደካማው በማግስቱ ሲወድቅ የጠንካራው ሽታና ጣዕም ሲከፈት ታያለህ። በመጋዘኑ ዘመኔ ስንት ጊዜ ማታ የናቅሁትን ወይን ጠዋት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ!

ጥያቄ፦ ታዲያ ገና በወጣትነቱ ለስላሳ የሆነ ወይን አይቆይም ማለት ነው?

መልስ፦ ይቆያል እንጂ! የቦርዶ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ1975 የተለቀሙት ወይኖች ገበያ ሲወጡ ታኒናቸው ድርቅ ያለ ነበር፤ ብዙ ሰው ለረጅም ዘመን የተሠሩ ናቸው ብሎ አስቀመጣቸው። ከብዙዎቹ ውስጥ ታኒኑ ሳይለዝብ ፍሬው ቀድሞ አለቀ። የ1982ቱ በተቃራኒው ሞቅ ያለ ዓመት ነበር፤ ፍሬው እጅግ የበሰለ፣ ታኒኑ ለስላሳ። አንዳንድ ቀማሾች «እንዲህ ገና ከጅምሩ የሚጣፍጥ አይቆይም» ሲሉ፣ አሜሪካዊው የወይን ሃያሲ ሮበርት ፓርከር ታላቅ ዓመት ነው ብሎ ተከራከረ። ጥሩዎቹ 1982ዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላም በክብር ተጠጥተዋል።

ሌላም ልጨምር። በ1976 ፓሪስ ላይ ፈረንሳውያን ቀማሾች ስያሜው ተሸፍኖ የካሊፎርኒያንና የቦርዶን ቀይ ወይን አወዳደሩ፤ የካሊፎርኒያው አሸነፈ። ያኔ የተሰጠው ሰበብ «የእኛ ሲያረጅ ይበልጣል፣ ቆይተን እናያለን» የሚል ነበር። በ2006 እነዚያው ወይኖች እንደገና ሲቀመሱ ከአንድ እስከ አምስት የወጡት ሁሉም የካሊፎርኒያ ሆኑ፤ አንደኛው በ1976 አምስተኛ የነበረው የ1971 ሪጅ ሞንቴ ቤሎ ነው። ልስላሴና ድክመት አንድ አይደሉም። ሚዛኑን የጠበቀ ወይን ገና በልጅነቱም ይጣፍጣል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ ምን ይነግረናል?

መልስ፦ ዕድሜውን እንጂ ጥራቱን አይነግርም። ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብለሽ ጠርዙን እዪ። ወጣት ከሆነ ጠርዙ ወይን ጠጅ ቀለም፣ ሲቆይ ቀይ፣ ሲያረጅ የሸክላ ጡብ መልክ ይይዛል። የአምስት ዓመት ወይን ጠርዙ ቡናማ ከሆነ ሙቀት ወይም አየር አግኝቶታል ብለሽ ጠርጥሪ። ድፍን ጥቁር መሆኑ ግን ለመቆየቱ ዋስትና አይሆንም።

ጥያቄ፦ የግራ ዳርቻ፣ የቀኝ ዳርቻ ሲባል እሰማለሁ። ለማስቆየት የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ዳርቻ የሚባለው የዢሮንድና ወደ እሱ የሚገቡት ወንዞች ዳርቻ ነው። በግራ በኩል እንደ ፖያክ፣ ሳን ዡልየንና ሳንት ኤስቴፍ ያሉት መንደሮች ጠጠራማ መሬት አላቸው፤ ጠጠሩ ውኃ አይዝም፣ ሙቀት ይይዛል፣ ዘግይቶ የሚበስለው፣ ካቤርኔ ሶቪኞን የተባለው የወይን ዝርያ ይስማማዋል። ልጣጩ ወፍራም፣ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ታኒኑ ብዙ ነው። በቀኝ በኩል፣ ሳንተ ሚልዮንና ፖምሮል፣ ሸክላና የኖራ ድንጋይ ያለበት መሬት ላይ መርሎ የተባለው ዝርያ ይበዛል፤ ሰውነቱ ሞላ ያለ፣ ታኒኑ ለዘብ ያለ ነው። ስለዚህ በደፈናው የግራው ዘግይቶ ይከፈታል። ግን የቀኙን አትናቅ፤ የ1947 ሼቫል ብላን ከቀኝ ዳርቻ ነው፤ ጥቂት ስኳር የቀረበት፣ ወደ ኮምጣጤ የሚያደላ አሲዱም ከፍ ያለ፣ በመማሪያ መጽሐፍ ሚዛን እንከን የሞላበት ወይን ነበር። ሆኖም በዘመኑ ከተጠመቁት ሁሉ እጅግ የተከበረ ሆኖ ለአሥርት ዓመታት ቆየ። እኔም ይህን እያሰብኩ ነው ፍርዴን በእርሳስ የምጽፈው።

ጥያቄ፦ የ1855ቱን የቦርዶ ወይኖች የደረጃ ዝርዝር ይዤ ብገዛ ከስህተት እድናለሁ?

መልስ፦ አትድንም። ያን ደረጃ ደላሎች ለፓሪሱ ኤግዚቢሽን ያወጡት በገበያ ዋጋ መሠረት ነው፤ በቀይ በኩል ኦ ብሪዮን ከተባለው የወይን እርሻ በቀር ሁሉም በግራ ዳርቻ ያለው የሜዶክ ነው፤ የቀኝ ዳርቻው የለበትም። ከዚያ ወዲህ የታየው ትልቅ ለውጥ ሙቶን ሮትሺልድ በ1973 ወደ አንደኛ ደረጃ መውጣቱ ነው። የለቀማውን ዓመትና የራስህን ምላስ አስቀድም።

ጥያቄ፦ አንድ አሮጌ ጠርሙስ ስከፍት ታቹ ላይ አተላ አገኘሁ። ተበላሽቷል ብዬ ደፋሁት። ልክ ነኝ?

መልስ፦ ወይኔ! ወይኑ እኮ ምንም አላጠፋም። ቀለሙና ታኒኑ በዓመታት ውስጥ ተያይዘው ሲከብዱ ወደ ታች ይዘቅጣሉ፤ ወይኑ አፍ ላይ የሚለዝበውም በከፊል በዚህ ነው። ሌላ ጊዜ ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አቁመው፤ ስትቀዳው ከአንገቱ ሥር ሻማ ወይም መብራት አድርገህ ቀስ ብለህ ወደ ሌላ ዕቃ አንቆርቁር፤ አተላው አንገቱ ላይ ሲደርስ ተው። የሚደፋው እርጥብ ካርቶንና ሻጋታ የሚሸት፣ ፍሬው የጠፋ ወይን ነው፤ እሱ የቡሽ በሽታ ነው፣ መድኃኒት የለውም።

ጥያቄ፦ የምኖረው አቡዳቢ ነው። ወይኔን ወጥ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ነው የማስቀምጠው።

መልስ፦ ዛሬውኑ አውጪው፣ እኅቴ። ወይን 12 ወይም 13 ዲግሪ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ ተኝቶ ነው የሚያረጀው። የአንድ በጋ ሙቀት ሃያ ዓመት የሚቆየውን ይቀቅለዋል። የአየር ማቀዝቀዣው ሲጠፋ ቤቱ የሚግል ከሆነ የወይን ፍሪጅ ግዢ፤ ካልሆነ አታስቀምጪ፣ ጠጪው። አዲስ አበባ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ፀሐይ የማያገኘው የምድር ቤት ጥግ ለጥቂት ዓመታት አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ የዝዋዩን ሪፍት ቫሊ ካቤርኔ ሶቪኞን አሥር ዓመት ባስቀምጠውስ?

መልስ፦ አታስቀምጠው። አምራቹ ካስቴል መሠረቱ ቦርዶ የሆነ ኩባንያ ነው፤ የዝዋይ ወይኑ ገበያ ላይ የወጣው በ2014 ነው፤ የፍሬው ዝርያም እዚያው ቦርዶ የሚተከለው ነው። ግን የተጠመቀው በቅርቡ ከጥብስ ጋር እንዲጠጣ ነው፤ ፍሬው ያማረበት ጊዜም ያኔ ነው። እኔ ስገዛው ዘንድሮ ልጠጣው ነው፣ ደስ እያለኝም እጠጣዋለሁ። ከኛ አፈር ለረጅም ዕድሜ የታሰበ ወይን አንድ ቀን ሲወጣ መቅመስ ግን እጅግ እመኛለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ የተወለደችው በ2016 ነው። ለሠርጓ የሚሆን ጠርሙስ ላስቀምጥላት አስቤአለሁ። ሞኝነት ነው?

መልስ፦ እናቷን እንኳን ማርያም ማረቻት፤ ልጅቷም ዓመቷን መርጣ ነው የመጣችው። የ2016 ቦርዶ ታኒኑ ብዙ ሆኖ ደቃቅ ነው፣ አሲዱም ትኩስ። ጥሩ ፖያክ ወይም ሳን ዡልየን ፈልግ፤ ከሆነልህ አንድ ሊትር ተኩል የሚይዘውን ማግነም ግዛ፤ ከወይኑ ብዛት አንጻር በቡሹ የሚገባው አየር ስለሚያንስ ቀስ ብሎ ያረጃል። ከእሱ ጋር ከዚያው ወይን ሦስት ተራ ጠርሙሶች ጨምር። አንዱን አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ክፈት፤ ዝም ብሎ፣ ሽታው ተዘግቶ ብታገኘው አትደንግጥ፣ እንዲህ ዓይነት ወይን መሃል ላይ የሚተኛበት ጊዜ አለው። ሁለተኛውን አሥራ ስምንት ሲሞላት፣ ሦስተኛውን ሃያ ሁለት ላይ። ሦስተኛው ላይ ፍሬው ቀንሶ የትምባሆ፣ የዝግባና የእርጥብ አፈር ሽታ ካየለ ማግነሙን ብዙ አታቆየው፤ ሙሽራው ባይገኝም ለምርቃቷ ይከፈት።