ለሠርግሽ ብለሽ ፊትሽን አትጉጂ
እህቴ፣ «የእጮኛዬ ዘመዶች ጠቁራለች ስላሉኝ ከሠርጌ በፊት የሚያቀላ ቅባት ልጀምር ወይ?» ላልሽው መልሴ አትጀምሪ ነው። እኔም ያደግሁት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐይዋ ብርቱ ናት፤ በቅባት የሳሳ ቆዳ ደግሞ ይህችን ፀሐይ አይችልም። ከእነዚህ ቅባቶች መካከል ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ወይም ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት ያለባቸው አሉ፤ ስቴሮይድ ቆዳን ያሳሳል፣ ሜርኩሪ ኩላሊትን ይጎዳል። የታናሽ እህቴ ጉንጭ ቀልቶ ሲቆስል አይቻለሁ። ያን ጊዜ «ጠቆርሽ» ይሏት ከነበሩት አንዳቸውም መጥተው አልጠየቋትም! ሙሽራውንስ ስለ መልኩ የጠየቀው አለ? ጀምረሽ ከሆነ ደግሞ ድንገት ከማቆምሽ በፊት የቆዳ ሐኪም አማክሪ። ለእጮኛሽም የተባልሽውን ሳትደብቂ ንገሪው፤ ዘመዶቹን አደብ ማስያዝ የእርሱ ድርሻ ነው።