ልጄ፣ ፈራሽ ማለት አላመንሽም ማለት አይደለም

ሰሞኑን አንዲት ወጣት አስቆመችኝና፣ "ጋሼ፣ እጸልያለሁ፣ ቃሉንም አነባለሁ፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀኝ አለ። ጠዋት ስነሳ ሆዴ ይገለባበጣል። እምነት የለኝም ማለት ነው?" አለችኝ። እዚያው በቆምንበት ጥቂት ነገር አልኳትና ተለያየን። ማታ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሳኝ። የዚህን ጥያቄ መልስ ወጣት ሳለሁ በዓይኔ አይቻለሁ። ያሳዩኝ ሰው ግን ምን እንዳስተማሩኝ ሳልነግራቸው ሞቱብኝ። ያ ቁጭት ዛሬም አልወጣልኝም። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለምትጠይቁም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሒሳብ ሥራ ነው። መጀመሪያ ስቀጠር ከአንድ አንጋፋ የሒሳብ ሹም አጠገብ ነበር ያስቀመጡኝ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ደፋር የሚባሉ ዓይነት ሰው አልነበሩም። ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ድምፃቸው ይቆራረጣል። አለቃ ሲጠራቸው ኮታቸውን ደጋግመው ያስተካክላሉ። የሒሳብ ማሽኑ አጠገባቸው እያለ ድምሩን በእርሳስ ይደግሙታል፤ ሲደምሩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እኔም እስከ ዛሬ ማሽን ያወጣውን ድምር በእጄ ካልደገምኩት አላምነውም፤ ከእሳቸው የወረስኩት ነው።

አንድ ቀን የግዢ ሰነድ መጣ። ዕቃው ተረክቧል፣ መጋዘን ገብቷል ይላል። ገንዘቡ እንዲወጣ የቀረው የእሳቸው ፊርማ ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ ጠዋት መጋዘን ወርደው አይተዋል። ዕቃው የለም። ከሰዓት ላይ ኃላፊው ራሳቸው ሰነዱን ይዘው መጡና በሩን ዘጉት። መጀመሪያ እየሳቁ ለማግባባት ሞከሩ፣ ቀጥሎ ለመኑ፣ በመጨረሻ አስፈራሩ። "ልጆች እንዳሉህ አትርሳ" አሏቸው። ያችን ንግግር ስሰማ እኔ ራሴ ጀርባዬ ቀዘቀዘ።

ጋሼ ወዲያው አልመለሱም። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ የያዙት እስክሪብቶ ጠረጴዛውን ሲያንኳኳ ይሰማኛል። "ውሃ ስጠኝ ልጄ" አሉኝ። ቀዳሁላቸው። ግማሹ ሸሚዛቸው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ በዚያች በምትቆራረጥ ድምፃቸው፣ "ጌታዬ፣ እፈራለሁ። ግን ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልፈርምም" አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። ጠረጴዛ አልደበደቡም፣ ጥቅስ አልጠቀሱም፣ ማንንም ሌባ አላሉም። ኃላፊው በሩን በርግደው ወጡ።

በማግስቱ፣ ውሃውን ሲጠጡ ምን እያሰቡ እንደነበር ጠየቅኳቸው። "ነህምያን" አሉኝ። ያኔ አልገባኝም፤ ቤት ሄጄ አነበብኩት። ነህምያ ለንጉሥ አርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ በሉት። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሰምቶ አዝኗል፣ ሐዘኑም ፊቱ ላይ ታየበት። ንጉሡ "ለምን አዘንህ?" ሲለው "እጅግ ፈራሁ" ብሎ ራሱ ጽፎልናል። ቢፈራም አይፈረድበትም፤ ዕዝራ 4 ላይ እንደምናነበው የዚያችን ከተማ ሥራ ያስቆመው አርጤክስስ ነበር። ንጉሡ ቀጥሎ "ምን ትፈልጋለህ?" አለው። ነህምያ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ንጉሥ ፊት ቆሞ ስንት ደቂቃ ሊጸልይ ይችላል? አንድ ትንፋሽ ብትሆን ነው። ከዚያ ተናገረ። ጋሼም ያቺን ትንፋሽ ያገኟት ውሃው ውስጥ ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ለምስክርነት ይመች ነበር። አላበቃም። ጋሼን ከሥራ አሰናበቷቸው። ሰነዱን ሌላ ሰው ፈረመው፣ ገንዘቡም ወጣ። እሳቸው ብዙ ጊዜ ሥራ ፈለጉ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ሳይቀሩ ሸሿቸው። በኋላ ቤታቸው ቁጭ ብለው የትናንሽ ነጋዴዎችን መዝገብ እየያዙ ልጆቻቸውን አሳደጉ። "ጋሼ ትክክል ነበሩ" ብሎ የተናገረላቸው አልነበረም። እኔ በሥራ ምክንያት ራቅ ብዬ ሄድኩ፤ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ቆይቶ ነው።

አንዳንድ ጊዜ፣ ፈርመው ሥራቸውን ቢያተርፉስ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። የልጆቻቸው ችግር ፊቴ ላይ ይመጣል። ብዙ ዓመት ከራሴ ጋር ተሟግቼበታለሁ። አሁንም የምለው ያው ነው፦ ትክክል ነበሩ። ግን ዋጋው ቀላል ነበር የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

እምነት ድፍረት ይሰጣል ሲባል ብዙዎቻችሁ የምትሰሙት "ካመንኩ ይሳካልኛል" የሚለውን ነው። ይህን የሚያስተምሯችሁ ሰዎች ያናድዱኛል። በናቡከደነፆር ፊት የቆሙት ሦስቱ ወጣቶች፣ እንደ እናንተ ወጣቶች ናቸው፣ አምላካችን ከእሳቱ ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ "ባያድነንም" ብለው ጨመሩ። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11ን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ቁጥር 34 ላይ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ። ቁጥር 37 ላይ በሰይፍ የተገደሉ አሉ። የሁለቱም እምነት ተመስክሮለታል። እኔ ጋሼን የማነባቸው ቁጥር 37 አካባቢ ነው።

ወደ ፍርሃቱ ልመለስ። ጳውሎስን ሁላችንም ደፋር አድርገን ነው የምንስለው። እሱ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ በድካምና በፍርሃት፣ በብዙ መንቀጥቀጥም በእናንተ ዘንድ ነበርሁ ይላቸዋል። ሐዋርያት ሥራ 18 ላይ ደግሞ በዚያችው በቆሮንቶስ ጌታ በሌሊት በራእይ "አትፍራ፣ ተናገር፣ ዝምም አትበል" አለው። ያልፈራን ሰው አትፍራ አይሉትም። ከዚያ በኋላ ዓመት ከስድስት ወር እዚያው ተቀምጦ አስተማረ። መንቀጥቀጡ መቼ እንደቆመ መጽሐፉ አይነግረንም። ምናልባት አልቆመም ይሆናል።

እናንተ ልጆች ከእኛ የምትሻሉበት ነገር አለ። እኛ "ፈራሁ" ማለት እናፍር ነበር፤ እናንተ ትናገሩታላችሁ። ግን ደግሞ አንድ ነገር ከበደ ሲባል ቶሎ ትተዋላችሁ። አንድ ክፉ ወር ሲመጣ ሥራው ይቀየራል፣ ጓደኛው ይቀየራል፣ እግዚአብሔርም ዝም አለኝ ይባላል። የጥቅስ ፎቶ ስልካችሁ ላይ ሞልቷል፤ ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለውን ምዕራፍ የምታነቡት ስንቶቻችሁ ናችሁ? ተቆጣሁ መሰለኝ። ስለምወዳችሁ ነው።

ጸልዩ፣ ቃሉን አንብቡ የሚለውን አልደግመውም፤ ታውቁታላችሁ። ብዙ ጊዜ የማይነገራችሁን ልንገራችሁ። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ ነፍሴን ውሰድ ብሎ ሲለምን፣ እግዚአብሔር መጀመሪያ የሰጠው ስብከት አልነበረም። ተኛ፤ መልአክ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት፤ በላ፣ ደግሞ ተኛ፤ ደግሞ ቀሰቀሰው። "ኤልያስ ሆይ፣ በዚህ ምን ታደርጋለህ?" የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ሳትበሉ ሳትተኙ ስለ እምነታችሁ ፍርድ አትስጡ። ፍርሃቱ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂዱ። ይህ ካለማመን አይቆጠርም።

ሌላው፣ ብቻችሁን አትፍሩ። ጌታችን በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ ባዘነች ጊዜ ሦስቱን ደቀ መዛሙርት ይዞ ገባ፣ አብራችሁኝ ትጉ አላቸው። እንቅልፍ ወሰዳቸው እንጂ እሱስ ጠይቋቸዋል። ለሁሉም አታውሩ፤ ለአንድ ለሁለት ሰው ግን ንገሩ። ጋሼ ለማን ይናገሩ እንደነበር እንጃ። ለእኔ አልነገሩኝም፤ ልጅ ነበርኩ።

ቁሙ ስላልኩ ደግሞ ሁልጊዜ ቁሙ ማለቴ አይደለም። ይኸው ጳውሎስ ደማስቆ ላይ ሊገድሉት ሲጠብቁት በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ በኩል ወርዶ አምልጧል። ዮሴፍም ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ ሸሽቷል። የሚደበድባችሁ ሰው ካለ፣ ሕይወታችሁን የሚፈልግ ካለ፣ ውጡ። ታገሥ፣ ቻይው የሚላችሁ ቢኖር እንኳ ውጡ። ዋሽ፣ ፈርም፣ ካድ ስትባሉ ግን ሌላ ነው። ሁለቱን መለየት ሲቸግራችሁ ጉዳዩ የማይነካውን፣ እናንተን ግን የሚያውቃችሁን ትልቅ ሰው አማክሩ። መልሱን ዛሬውኑ ስጡ ቢሏችሁም እስከ ነገ ጊዜ ጠይቁ። ጊዜ ከከለከሏችሁ ውሃ ጠይቁ።