የቅኔ ቤቴን ትቼ ኮሌጅ ልግባ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ የ21 ዓመት ዲያቆን ነኝ። 12ኛ ክፍልን ከጨረስኩ በኋላ ጎጃም ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የቅኔ ጉባኤ ቤት ገብቼ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ አሁን የደረስኩት «ሥላሴ» ከተባለው የቅኔ ደረጃ ላይ ነው። በቅርቡ ሀገረ ስብከታችን አዲስ አበባ ወዳለ አንድ መንፈሳዊ ኮሌጅ ሊልከኝ እንደሚችል ተነግሮኛል። መምህሬ የኔታ «ቤት ሳትሞላ አትሂድ»፣ ማለትም የቅኔውን ደረጃዎች ሳትጨርስ አትውጣ፣ ይሉኛል። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «ዲግሪ ከሌለህ የትም አትደርስም፤ ቅስናውም በዲግሪ ሆኗል» ይለኛል። ምኞቴ ካህን ሆኜ ማገልገል ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ ዲያቆን፣ ታላቅ ወንድምህ ለአንተ አስቦ የተናገረው ቢሆንም፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎብሃልና በቅድሚያ እነርሱን እንለያቸው። ክህነት በሊቀ ጳጳስ አንብሮተ እድ፣ ማለትም እጅ በመጫን፣ የሚሰጥ ምሥጢር ነው፤ የቴዎሎጂ ዲግሪ ማንንም ካህን አያደርግም፤ ዲግሪ የሌላቸው እጅግ ብዙ ካህናትም ዛሬ ቀድሰው እያቆረቡ ናቸው። ቅስናን ከፈለግህ ከትምህርት ማስረጃ በፊት የሚጠይቅህ ሌላ ውሳኔ አለ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ዲያቆን ቅስና የሚቀበለው ወይ በሕግ አግብቶ ወይም መንኩሶ ሲሆን፣ ቅስና ከተቀበለ በኋላ ማግባት አይቻልም። የኮሌጁ ዓመታት ደግሞ ሰው ስለ ትዳር የሚያስብባቸው ዓመታት ናቸው። ስለዚህ ማመልከቻውን ከመሙላትህ በፊት ከንስሐ አባትህ ጋር ተቀመጥና በየትኛው መንገድ እንደምትሄድ ተነጋገር። ተመርቀው ከወጡ በኋላ ይህን ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰቡና የተጨነቁ ደቀ መዛሙርት አውቃለሁ።

ወደ ዋናው ጥያቄህ ልመለስ። የየኔታን ምክር ተቀበል እልሃለሁ፤ ይህን የምለው ኮሌጁን አሳንሼ አይደለም። እኔ ከቅኔ ቤት የወጣሁት ስምንት ቤት ያለውን ረጅሙን ቅኔ፣ መወድስን፣ ሳልጀምር ነበር። ተመርቄ በአንድ ደብር በስብከተ ወንጌል ሳገለግል፣ በአንድ የጥር ሥላሴ ማኅሌት ሌሊት አንድ ዓይናቸው የደከመ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ስምንቱን የመወድስ ቤት አወረዱት። ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» እያሉ ሲቀበሏቸው ከአጠገቤ የቆመ ወጣት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምን ማለታቸው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሰሙን ይዤዋለሁ፤ ወርቁ ግን አመለጠኝ። «በኋላ እነግርሃለሁ» አልሁት፤ እስከ ዛሬ አልነገርሁትም። አንተ ከመጀመሪያው ደረጃ ከጉባኤ ቃና ተነሥተህ ሥላሴ ደርሰሃል፤ የቀረህን አቋርጠህ ብትወጣ ተመልሰህ የምትጨርስበትን ጊዜ ማግኘት ይከብድሃል። ቅኔ በየዕለቱ ተቆጥሮ (በልብ ተደርሶ)፣ በመምህር ፊት ቀርቦና ታርሞ የሚገኝ ስለሆነ በእረፍት ሰዓት ከመጽሐፍ የሚሟላ አይደለም።

ኮሌጁ የሚሰጥህ ሌላ ነው፤ እርሱም ትልቅ ነገር ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ቤተ ክርስቲያናችን እንዳልተቀበለች ከልጅነትህ ሰምተሃል። በኮሌጅ ግን ጉባኤው የተቀበለውን የሮሙን ጳጳስ የልዮንን ደብዳቤ ራሱን አንብበህ፣ ክርክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ተከትለህ፣ መልሱን በጽሑፍ እንድታቀርብ ትጠየቃለህ። ቅዱስ ቄርሎስ በግሪክ «ፊሲስ» ያለውን የእኛ ሊቃውንት «ባሕርይ» ብለውታል። ግሪኩን ብቻ የተማረ ሰው ይህ ቃል የአባቶች ትምህርት በተሰበሰበበት በሃይማኖተ አበውና በመጻሕፍቱ ትርጓሜ በአንድምታው ውስጥ የተሸከመውን አያየውም፤ ግእዙን ብቻ የያዘም ከሌላው ዓለም ጋር ሲወያይ ቃሉ በምን ምክንያት እንዳጣላ ለማስረዳት ይቸገራል። ሁለቱን የያዘ ሰው ግን ለቤተ ክርስቲያን ድልድይ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች ዛሬ በጣም ያስፈልጉናል። አንተም ከእነርሱ አንዱ እንድትሆን ስለምመኝ ነው «ቆይ» የምልህ።

የእነዚህ ተቋማት ማነስም አያስፈራህ። እኔ በተማርሁበት ክፍል ከሃያ አንበልጥም ነበር፤ መምህራችን ማን ጸሎት እንደቀረ፣ ማን ከቤተሰቡ ደብዳቤ ደርሶት እንዳዘነ ያውቁ ነበር። በአዲስ አበባ ያለው ቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅም ቢሆን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች አንዱ ሆኖ ከቆየ በኋላ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፣ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ እንደገና የተከፈተ ነው። በዚያ መካከል ባሉት ዓመታት ትምህርቱን ያቆዩት የጉባኤ ቤት መምህራን መሆናቸውን አስታውስ።

እንግዲህ ለሀገረ ስብከትህ በአክብሮት ጻፍና ቤት እስክትሞላ ድረስ ተራህ እንዲተላለፍልህ ለምን፤ የየኔታም ቃል በደብዳቤ ቢታከልበት ይበረታል። ባይፈቀድልህም የዘንድሮው ዕድል ይለፍህ እላለሁ። እስከዚያው እንግሊዝኛህን አጠንክር፤ ብዙዎቹ የማጣቀሻ መጻሕፍት በእርሱ የተጻፉ ናቸውና ከአብነት ትምህርት የሚመጡ ደቀ መዛሙርትን በመጀመሪያው ዓመት እጅግ የሚያደክማቸው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ ነኝ። ሴት ቴዎሎጂ ብትማር ምን ይጠቅማታል? ክህነት የለን።

መልስ፦ እኅቴ፣ ክህነት ለሴቶች እንደማይሰጥ እውነት ነው፤ ማስተማር፣ መመርመርና መጻፍ ግን አልተከለከለም። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው በጎጃም ወንበር ዘርግተው ወንዶች ተማሪዎችን አስተምረዋል። የአንቺ ተማሪዎች የሆኑት ሕፃናት የሚጠይቁሽን ጥያቄ በደንብ የምትመልሺበት እውቀት ማግኘትሽ ብቻውን ለመማር በቂ ምክንያት ነው። ሥራሽን ሳትለቂ በማታው መርሐ ግብር መማር ትችያለሽ፤ ስትመዘገቢ ከሰበካ ጉባኤሽ የድጋፍ ደብዳቤ ያዢ። ከምዝገባው በፊት ባሉት ወራት ግን ውዳሴ ማርያምን በግእዝ ንባብ ጀምሪ፤ ከአጥቢያሽ መሪጌታ ፊት ቀርበሽ፣ የንባቡን ድምፅ አነሣሥ፣ ተነሹንና ወዳቂውን፣ እያረሙሽ።