ከዳርቻ ለመጥለቅ ቦታ ስትመርጡ መጀመሪያ መውጫውን እዩ

ሰላም እህቴ። ከጓደኛሽ ጋር ለአንድ ሳምንት ስኩባ (የአየር ታንክ ይዞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ) ልትሄዱ ነው። ጀልባ ሳትከራዩ ከባሕር ዳርቻ በእግራችሁ መግባት ነው የፈለጋችሁት። ሁለታችሁም የጠለቃችሁት ከ20 ጊዜ በታች ነው። «ቦታውን በምን እንምረጥ?» ብለሻል። ዓሣውንና ኮራሉን ሌሎች ይነግሩሻል፤ እኔ ስለ መውጫው ልንገርሽ።

መግባት አይከብድም። ጉልበት አለሽ፣ ታንኩ ሙሉ ነው፣ ማዕበሉን ፊት ለፊት እያየሽ ጠብቀሽ ትገቢያለሽ። ስትወጪ ግን ደክሞሻል፣ በርዶሻል፣ ማዕበሉም የሚመጣው ከጀርባሽ ነው።

ይህን የተማርኩት ባሊ ደሴት ላይ፣ ቱላምበን ነው። እዚያ ሊበርቲ የምትባል የአሜሪካ የጭነት መርከብ አለች። እ.ኤ.አ. በ1942 የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ መታትና ዳርቻው ላይ ቀረች። በ1963 የአጉንግ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ደግሞ ወደ ውሃው ገባች። አሁን ከዳርቻው ብዙም ሳትርቅ ከ5 እስከ 30 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተኝታለች። መርከቧ ለጀማሪም ትመቻለች። ዳርቻው ግን አሸዋ ሳይሆን ድብልብል ያለ ጥቁር ድንጋይ ነው።

ያን ቀን ጠልቄ ስወጣ ፊኖቼን (እግር ላይ የሚጠለቁትን የዋና መቅዘፊያዎች) አውልቄ በእጄ ይዣለሁ። ውሃው ጉልበቴ ጋ ደርሷል። አለቀ ብዬ ሬጉሌተሩን፣ ከታንኩ አየር የምስብበትን፣ ከአፌ አወጣሁ። ማዕበሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ ድንጋዮቹ እየተንኳኩ ከእግሬ ሥር አብረውት ሄዱ። ወደቅኩ። ታንኩ ከብዶኝ ልነሳ ስታገል የሚቀጥለው ማዕበል መጣና ጨው ውሃ ጠጣሁ። ጓደኛዬ የታንኬን አንገት ይዞ ነው ጎትቶ ያወጣኝ። ከዚያ ወዲህ ደረቅ መሬት እስክረግጥ ድረስ ማስክም አላወልቅ፣ ሬጉሌተርም ከአፌ አላወጣ።

ስለዚህ ቦታው ላይ እንደደረሳችሁ ልብስ ለመቀየር አትቸኩሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጣችሁ ውሃውን እዩ። ማዕበል በቡድን በቡድን ነው የሚመጣው። ጥቂት ትላልቅ ይመጣሉ፣ ከዚያ ፋታ ይሰጣል። አምስት ደቂቃ ብቻ ያየ ሰው ፋታውን አይቶ «ረጋ ያለ ነው» ብሎ ይገባል። ከውሃ የሚወጡ ሰዎች ካሉ ደግሞ ከማንም በላይ እነሱን ተመልከቱ። እግራቸውን የት ያሳርፋሉ? የት ጋ ይንገዳገዳሉ? ማዕበል ሳይሰበር ለስለስ ብሎ የሚታይ፣ ውሃው የደፈረሰ ቀጭን መስመር ካያችሁ የተመቸ መግቢያ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ጊዜ ውሃው ወደ ጥልቁ የሚመለስበት ነው። በዚያ በኩል ወደ ዳርቻ መዋኘት አቅም ይጨርሳል።

የባሕሩን ከፍታ መውረድና መውጣትም ጠይቁ። ጠዋት በላዩ ዋኝታችሁ ያለፋችሁት ኮራል፣ ውሃው ሲጎድል የማይረገጥ ግድግዳ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። እና ሁልጊዜ ሁለተኛ መውጫ ይኑራችሁ። ሁለተኛ መውጫ የሌለውን ቦታ እኔ በእናንተ ልምድ አልመርጠውም፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

ለእናንተ የምመርጠው የካሪቢያኗን ደሴት ቦኔርን ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ምዕራቡ ዳርቻ አብዛኛውን ጊዜ የተረጋጋ ነው። መጥለቂያዎቹ መንገድ ዳር በቢጫ ቀለም ስማቸው በተጻፈባቸው ድንጋዮች ይታወቃሉ። አንዱ መውጫ ካልጣማችሁ ወደሚቀጥለው መንዳት ነው። ብዙው መግቢያ ግን ስብርባሪ ኮራል ስለሆነ ወፍራም ሶል ያለው የውሃ ጫማ ያዙ። ጓንት እዚያ የተከለከለ ነው፣ እጅ አስደግፋለሁ ብላችሁ አታስቡ።

ግብፅ፣ ዳሃብም ደስ ይላል። ላይትሃውስ በሚባለው መጥለቂያ ጀምሩ። ብሉ ሆል ወደሚባለው የባሕር ጥልቅ ጉድጓድ ከሄዳችሁ ከላይ ያለው ኮራል ይበቃችኋል። ታዋቂው የድንጋይ ቅስት ጥልቀቱ ከ50 ሜትር ይበልጣል። ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው የመጨረሻው ወሰን 40 ሜትር ነው፤ የመጀመሪያ ደረጃ ፈቃድ የያዘ ደግሞ 18። ማንም «ትንሽ ነው» ቢላችሁ እሺ እንዳትሉ፣ እባካችሁ።

አየሩን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ አንዱ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ የማይነካ። በ200 ባር (የታንኩ አየር ግፊት መለኪያ) ከገባችሁ 135 አካባቢ ሲደርስ ዞራችሁ ተመለሱ። ሲጀመር ፍሰቱን ተቃውማችሁ ሂዱ፤ ሲደክማችሁ እሱ ይመልሳችኋል።

ከመጥለቃችሁ በፊት ደግሞ ውሃው ላይ ተንሳፍፋችሁ ፊታችሁን ወደ ዳርቻው አዙሩ። ከባሕር ሲታይ ሌላ ቦታ ነው የሚመስለው። አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ዛፍም ይሁን ሕንፃ፣ ምልክት አድርጉ። በኮምፓስ አቅጣጫውን ያዙና ለጓደኛሽ ጮክ ብለሽ ንገሪያት፣ እሷም ትድገምልሽ። ከዚያ ውረዱ።